የሞዴል መርከብ ሸራ

የሞዴል መርከብ ሸራ በእንጨት በተሠራ አነስተኛ የመርከብ አምሳያ (ሞዴል) ላይ የሚሰቀል፣ የእውነተኛውን መርከብ ሸራ ቅርጽ፣ ስፌትና አያያዝ በተወሰነ መስፈርት (ስኬል) አሳንሶ የሚያሳይ ጨርቅ ወይም ወረቀት ነው። ሥራው ሁለት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት፦ አንደኛው ሸራውን መቁረጥና መስፋት ሲሆን፣ ሁለተኛው ሸራውን ከምሰሶዎችና ከገመዶች ጋር ማያያዝ ነው።

ሸራ ከሌሎቹ የሞዴሉ ክፍሎች የሚለይበት አንድ ባሕርይ አለው። እንጨት እየተፋቀ የተፈለገውን ያህል ሊሳሳ ይችላል። ጨርቅ ግን ርዝመቱና ወርዱ በመቀስ ቢያጥርም፣ ውፍረቱ፣ የክሩ ቅጥነትና ግትርነቱ እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ የሞዴል ሸራ አሠራር በአብዛኛው ይህን ልዩነት ከዓይን መሰወር ነው።

ታሪክ

ሸራ የታጠቁ የጀልባ ሞዴሎች በጥንታዊት ግብፅ ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1922 በተገኘው የንጉሥ ቱታንኻሙን መቃብር ውስጥ 35 የጀልባ ሞዴሎች ነበሩ። ከእነዚህ መካከል ምሰሶ፣ ገመድና ከተልባ እግር የተሠራ የጨርቅ ሸራ ያላቸው ይገኙበታል።

በእንግሊዝ በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለባሕር ኃይል የተሠሩ ዝነኛ ሞዴሎች ግን አብዛኞቹ የመርከቡን አካል ብቻ የሚያሳዩ ናቸው፤ ምሰሶና ሸራ የላቸውም። ስለዚህ የመርከብ አካል እንዴት ይገጠም እንደነበር ከእነሱ ብዙ መማር ቢቻልም፣ ስለ ሸራ የሚሰጡት መረጃ ጥቂት ነው።

እውነተኞቹ የድሮ ሸራዎችም እምብዛም አልተረፉም። ሸራ በሥራ ላይ ያልቃል፣ ይበሰብሳል፤ ሲያረጅም ተቀዶ ለሌላ አገልግሎት ይውላል። ከተረፉት ጥቂቶች መካከል ሁለቱ በተለይ ይታወቃሉ፦

- የቫሳ ሸራዎች፦ ቫሳ የተባለው የስዊድን የጦር መርከብ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 10 ቀን 1628 በመጀመሪያ ጉዞው ስቶክሆልም ወደብ ውስጥ ሰጠመ። መርከቡ ካሉት 10 ሸራዎች በዚያን ጊዜ የተዘረጉት 4 ብቻ ነበሩ። መርከቡ በ1961 ከባሕር ሲወጣ የቀሩት 6 ሸራዎች በማስቀመጫ ክፍላቸው ውስጥ ተገኙ። በቫሳ ሙዚየም በ1:10 መስፈርት የተሠራ፣ ሸራዎቹን የዘረጋ ሞዴል ይታያል።
- የቪክቶሪ ሸራ፦ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 1805 በተደረገው የትራፋልጋር ውጊያ የእንግሊዙ አድሚራል ኔልሰን መርከብ የነበረው የቪክቶሪ አንድ ሸራ እስከ ዛሬ በፖርትስመዝ ይገኛል። ከፊተኛው ምሰሶ ከታች ሁለተኛ ሆኖ የተሰቀለ ሸራ ሲሆን፣ ከውጊያው የተረፉ 90 ያህል ቀዳዳዎች አሉበት።

ሌላው የመረጃ ምንጭ በዘመኑ ለሸራ ሠሪዎች የታተሙ መጻሕፍት ናቸው። ዴቪድ ስቲል እ.ኤ.አ. በ1794 በለንደን ያሳተመው ስለ ገመድ አያያዝና ስለ መርከበኝነት የሚያስረዳ መጽሐፍ፣ ስለ ሸራ ስፌት የሚናገር ሰፊ ክፍል አለው። የ18ኛውን ክፍለ ዘመን መርከቦች የሚሠሩ ሰዎች ዛሬም ይጠቀሙበታል።

የሸራ ዓይነቶችና ክፍሎች

የመርከብ ሸራዎች በአሰቃቀላቸው በሁለት ይከፈላሉ።

- አግድም ሸራ፦ ምሰሶውን አቋርጦ ከተሰቀለ አግዳሚ እንጨት ላይ ይንጠለጠላል። አራት ማዕዘን ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከላይ ጠበብ ከታች ሰፋ ይላል።
- የቁመት ሸራ፦ በመርከቡ ርዝመት አቅጣጫ ይዘረጋል። በሁለት ምሰሶዎች መካከል ወይም ከመርከቡ አፍንጫ በላይ የሚወጠሩት ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራዎች ከዚህ ይመደባሉ። በቀይ ባሕር የሚታወቀው የሳምቡክ ሸራም የዚህ ወገን ነው።

ሸራ አንድ ወጥ ጨርቅ አይደለም። በእንግሊዝ የሸራ ጨርቅ ወርድ 24 ኢንች (61 ሳንቲሜትር) ስለነበረ፣ ትልቅ ሸራ የሚሠራው ብዙ ቁራጮችን ጎን ለጎን በመስፋት ነው። በአግድም ሸራ ላይ ቁራጮቹ ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። በባለ ሦስት ማዕዘን የቁመት ሸራ ላይ ደግሞ በተለምዶ የኋለኛውን ጠርዝ ተከትለው ይሰፋሉ።

በጠርዙ ዙሪያ ገመድ ይሰፋል፤ ይህ የጠርዝ ገመድ ነፋስ ሸራውን እንዳይቀደው ኃይሉን ይሸከማል። ገመዱ የሚሰፋው በአንድ በኩል ብቻ ነው፦ በአግድም ሸራ ላይ በኋላ በኩል፣ በቁመት ሸራ ላይ ደግሞ በመርከቡ ግራ በኩል። በዚህ ምክንያት መርከበኛ በጨለማ በእጁ ዳስሶ የሸራውን ፊትና ጀርባ መለየት ይችል ነበር። በሞዴል ላይ ገመዱን በተሳሳተው ገጽ መስፋት የሚያጋጥም ስሕተት ነው።

ከዚህ ሌላ በሸራው ላይ አግድም የሚያልፉ የማጠናከሪያ ጨርቆች አሉ። ከእነሱ ላይ የሚንጠለጠሉት አጫጭር ገመዶች ነፋስ ሲበረታ ሸራውን በከፊል አጥፎ ለማሰር ያገለግላሉ።

የመስፈርት ስሌት

በሞዴል ሥራ ርዝመት በመስፈርቱ ቁጥር ይካፈላል፤ ስፋት (ርዝመት ሲባዛ በወርድ) ደግሞ በመስፈርቱ ካሬ ይካፈላል። ለምሳሌ ከላይ የተጠቀሰው የቪክቶሪ ሸራ በራሱ በኩል 16.5 ሜትር፣ በግርጌው 24.4 ሜትር፣ ቁመቱ ደግሞ 16.5 ሜትር ያህል ነው። በ1:72 መስፈርት ሲሠራ ራሱ 22.9 ሳንቲሜትር፣ ግርጌው 33.9 ሳንቲሜትር፣ ቁመቱ 22.9 ሳንቲሜትር ይሆናል። 336 ካሬ ሜትር የነበረው ስፋት ወደ 650 ካሬ ሳንቲሜትር ይወርዳል። ይህም ከአንድ ኤ4 ወረቀት ጥቂት ብቻ ይበልጣል። የመርከቡ 37 ሸራዎች በአንድነት 5,440 ካሬ ሜትር ያህል ሲሆኑ፣ በዚሁ መስፈርት ለሁሉም የሚያስፈልገው ከ1 ካሬ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ጨርቅ ነው።

61 ሳንቲሜትር ወርድ ያለው የሸራ ቁራጭ በተለያዩ መስፈርቶች የሚኖረው ወርድ፦

- በ1:48፦ 12.7 ሚሊሜትር
- በ1:64፦ 9.5 ሚሊሜትር
- በ1:72፦ 8.5 ሚሊሜትር
- በ1:96፦ 6.4 ሚሊሜትር

ችግሩ የሚታየው ስሌቱን ገልብጠን ስንመለከተው ነው። 0.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ስስ የጥጥ ጨርቅ በ1:72 ሞዴል ላይ ሲሰቀል ከ14 ሚሊሜትር በላይ ውፍረት ያለውን ሸራ ይወክላል። እንዲህ ያለ ሸራ ከጨርቅ ይልቅ ለሳንቃ ይቀርባል። 0.1 ሚሊሜትር የሆነ የጽሕፈት ወረቀት እንኳ 7.2 ሚሊሜትር ይሆናል። በልብስ ስፌት መኪና የተሰፋ 1 ሚሊሜትር የሚረዝም ስፌት በእውነተኛው መርከብ ላይ 7.2 ሳንቲሜትር ማለት ነው፤ የሸራ ሠሪዎች የእጅ ስፌት ግን ከ1 ሳንቲሜትር ያነሰ ነበር። ስለዚህ መስፈርቱ ባነሰ ቁጥር፣ ማለትም የሚካፈልበት ቁጥር በጨመረ ቁጥር፣ ስፌትን ከመስፋት ይልቅ መሳል ይመረጣል።

የጨርቅና የወረቀት ምርጫ

ለሞዴል ሸራ የሚመረጠው ጨርቅ ስስ፣ ድርና ማጉ ጥቅጥቅ ያለ፣ ክሩም የቀጠነ መሆን አለበት። ክሮቹ በዓይን የሚቆጠሩ ከሆነ ጨርቁ ለሥራው አይስማማም። ለትልልቅ ሞዴሎች (1:48 እና ከዚያ በላይ) በጥሩ የተፈተለ የጥጥ ጨርቅ ያገለግላል። በኢትዮጵያ አቡጀዲ የሚባለው ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ ቀለሙ ለድሮ ሸራ የሚቀርብ ቢሆንም፣ ብዙውን ጊዜ ለትንንሽ ሞዴሎች ይወፍራል። ሻሽ ደግሞ ስስ ቢሆንም ክሮቹ የተራራቁ ስለሆኑ አያገለግልም።

ለትንንሽ መስፈርቶች ረጃጅም ጭረት ያለው ስስ ወረቀት የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ለሞዴል አውሮፕላን ክንፍ መሸፈኛ የሚሠራው ወረቀት ለዚህ ይውላል። ርጥብ ሲሆን እንደ ጨርቅ ይተጣጠፋል፤ ሲደርቅ የተሰጠውን ቅርጽ ይይዛል፤ ጠርዙም አይተረተርም።

የቀለም ምርጫ በመርከቡ ዘመንና አገር ይወሰናል። የአውሮፓ ሸራዎች ለረጅም ጊዜ ከተልባ እግር ይሠሩ ስለነበር ቀለማቸው ወደ ክሬም ወይም ወደ ፈዛዛ ቡናማ ያደላል። በአሜሪካ የጥጥ ሸራ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተስፋፋ፤ እሱም ነጣ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1851 በእንግሊዝ ዋይት ደሴት ዙሪያ በተደረገው ውድድር ያሸነፈችው አሜሪካ የተባለችው ጀልባ የጥጥ ሸራ ነበራት። በየትኛውም ዘመን ግን ድምቅ ያለ ነጭ ቀለም ለሞዴል ሸራ አይስማማም።

አሠራር

1. ንድፍ ማውጣት፦ ልኩ ከፕላን ላይ ብቻ ሳይሆን ከተሠራው ሞዴል ላይ ይወሰዳል፤ ምክንያቱም በምሰሶና በአግዳሚ ላይ የሚፈጠር ጥቂት ሚሊሜትር ልዩነት ሸራውን እንዲጨማደድ ወይም እንዲያጥር ያደርገዋል። ንድፉ በመጀመሪያ በተራ ወረቀት ተቆርጦ በቦታው ይሞከራል። የአግዳሚው ሁለት ጫፎች ከሸራው ራስ ትንሽ ወጣ ብለው መታየት አለባቸው።

2. ማጠብና መተኮስ፦ አዲስ ጨርቅ በፋብሪካ የተቀባው ማጠንከሪያ እንዲለቅና አስቀድሞ እንዲሰበሰብ ይታጠባል፤ ከዚያም ይተኮሳል።

3. በድሩ ማስተካከል፦ ጨርቅ በድሩና በማጉ አቅጣጫ ሲሳብ ብዙ አይለጠጥም፤ በሰያፍ ሲሳብ ግን ይለጠጣል። ስለዚህ ድሩ የሸራው ቁራጮች በሚወርዱበት አቅጣጫ እንዲሆን ንድፉ ይቀመጣል። ይህ ካልተደረገ ሸራው ከተሰቀለ በኋላ ቅርጹ ይዛባል።

4. ማስመር፦ የቁራጮቹ መገናኛ በማስመሪያና በሾለ ጠንካራ እርሳስ በሁለቱም ገጽ ይሰመራል። ፈሳሽ ቀለም ያለው እስክሪብቶ በጨርቅ ላይ ስለሚሰራጭ አይመከርም። በትልልቅ ሞዴሎች መስመሩ ከጨርቁ ትንሽ በጠቆረ ቀጭን ክር ሊሰፋ ይችላል።

5. መቁረጥና ጠርዝ መዘምዘም፦ ከመቁረጥ በፊት በውኃ የቀጠነ የእንጨት ኮላ በጠርዙ መስመር ላይ ይቀባል፤ ሲደርቅ ክሩ እንዳይተረተር ያደርጋል። ከዚያ ጠርዙ አንድ ጊዜ ብቻ ይታጠፋል። ሁለት ጊዜ ቢታጠፍ ሦስት እጥፍ ውፍረት ስለሚፈጠር መስፈርቱን ያበላሻል።

6. ማጠናከሪያዎችን መለጠፍ፦ በማዕዘኖችና በጎኖች የሚታዩት ድርብ ጨርቆች ከዚያው ጨርቅ ወይም ከስስ ወረቀት ተቆርጠው ይለጠፋሉ። ብርሃን ከኋላ ሲያልፍባቸው ጠቆር ብለው መታየታቸው ለሸራው እውነተኛ መልክ ይሰጠዋል።

7. የጠርዝ ገመድ መስፋት፦ ገመዱ በትክክለኛው ገጽ በእጅ ይሰፋል ወይም በኮላ ይያዛል። በማዕዘኖቹ ላይ ገመዱ ታጥፎ ትንሽ ቀለበት ይሠራል፤ መሳቢያ ገመዶች የሚታሰሩት እዚህ ነው።

8. የማሳጠሪያ ገመዶችን ማስገባት፦ ቀጭን ክር በመርፌ ከፊት ወደ ኋላ ያልፋል፤ በሁለቱም ገጽ እኩል ተቆርጦ በአንድ ጠብታ ኮላ ይያዛል። ክሮቹ በራሳቸው ክብደት ስለማይወድቁ ጥቂት ኮላ ተቀብተው ወደ ታች ይለሰልሳሉ።

9. ቅርጽ መስጠት፦ የተዘረጋ ሸራ ነፋስ የሞላው መምሰል አለበት። አንደኛው ዘዴ ሸራውን በቀጠነ ኮላ አርጥቦ በተነፋ ፊኛ ወይም በተቀረጸ ቅርጽ ላይ ማድረቅ ነው። ሌላው ዘዴ በታጠፈው ጠርዝ ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገብቶ ማጉበጥ ነው። ጉብጠቱ መጠነኛ ይሁን፤ እንደ ፊኛ የተነፋ ሸራ አሻንጉሊት ይመስላል።

ሸራውን መስቀልና ገመዶቹ

የመርከብ ገመዶች በሁለት ይከፈላሉ። ቋሚ ገመዶች ምሰሶዎቹን ደግፈው ይይዛሉ፤ ቅጥራን ስለሚቀቡ ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ይሆናሉ። ተንቀሳቃሽ ገመዶች አግዳሚዎችንና ሸራዎችን ለማንቀሳቀስ ያገለግላሉ፤ ቀለማቸውም ፈዛዛ ቡናማ ነው። በአንድ አግድም ሸራ ላይ የሚሠሩት ዋና ዋና ተንቀሳቃሽ ገመዶች እንደ ሥራቸው የሚከተሉት ናቸው፦

- የአግዳሚ ማንሻ፦ አግዳሚውን ከነሸራው በምሰሶው ላይ ወደ ላይ ይስባል።
- የማዕዘን መሳቢያ፦ የሸራውን የታችኛ ማዕዘን ይወጥራል። በሁለተኛው ሸራ ላይ ወደ ታችኛው አግዳሚ ጫፍ ይሄዳል።
- የማዕዘን ማንሻ፦ ሸራው ሲሰበሰብ ያንኑ ማዕዘን ወደ ላይ ይስባል።
- የግርጌ ማንሻ፦ በሸራው ፊት ለፊት ወርዶ ግርጌውን ይይዛል፤ ሲሳብም ግርጌውን ወደ አግዳሚው ያወጣዋል።
- የጎን መወጠሪያ፦ ነፋስ የሚመጣበትን የሸራ ጎን ወደ ፊት ይወጥራል።
- የአግዳሚ ማዞሪያ፦ አግዳሚውን ከነሸራው ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ያዞራል።

ሸራው ከአግዳሚው ጋር የሚታሰረው አግዳሚው ምሰሶ ላይ ከመውጣቱ በፊት ነው። በጠረጴዛ ላይ በቀላሉ የሚታሰር ቋጠሮ፣ አግዳሚው በገመድ ከተከበበ በኋላ በወረንጦም የማይደረስበት ይሆናል። መዘውሮችም (የገመድ ማሳለፊያ ፑሊዎች) እንዲሁ አስቀድመው ይታሰራሉ። በሞዴሉ ላይ ሥራው ከመሃል ወደ ውጭ፣ ከታች ወደ ላይ ይሄዳል። የገመዶቹ ጫፎች በመርከቡ ወለል ጠርዝና በምሰሶው ሥር ባሉ ካስማዎች ላይ ተጠምጥመው ይታሰራሉ። ሁሉም ሸራ እስኪሰቀል ድረስ ጫፎቹን በኮላ ሳያጸኑ በጊዜያዊ ቋጠሮ ማቆየት ይጠቅማል፤ አንዱ ገመድ ሲወጠር ሌላው ሊላላ ይችላልና።

በድሮ መጻሕፍት የገመድ መጠን የሚሰጠው በዙሪያው ልክ እንጂ በዲያሜትሩ አይደለም። ስለዚህ ቁጥሩ ለ3.14 ተካፍሎ ከዚያ ለመስፈርቱ ይካፈላል። ለምሳሌ «6 ኢንች» የተባለ ገመድ ዲያሜትሩ 48.5 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ በ1:72 ደግሞ 0.67 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህን የማያውቅ ሠሪ ከሦስት እጥፍ በላይ የወፈረ ገመድ ይጠቀማል።

የነፋስ አቅጣጫ

ሸራ የዘረጋ ሞዴል አንድ ነፋስ ብቻ ሊኖረው ይገባል። ሸራዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይጎብጣሉ፤ አግዳሚዎቹ ለዚያው ነፋስ ይዞራሉ፤ ባንዲራውም ወደዚያው ይውለበለባል። ነፋስ ከኋላ እየመጣ ሸራውን ወደ ፊት ሲሞላ፣ በመርከቡ ኋላ ያለው ባንዲራ ወደ ኋላ የሚውለበለብበት ሞዴል ብዙ ጊዜ ይታያል። ይህ ግን ሊሆን የማይችል ነገር ነው። ነፋስ ከጎን ሲመጣ ደግሞ ምሰሶውን የሚደግፉት ቋሚ ገመዶች በነፋሱ በኩል ይወጠራሉ፤ በማዶ በኩል ያሉት ትንሽ ይላላሉ።

የተጠቀለለ ሸራና ሸራ የሌለው ሞዴል

ሸራውን በአግዳሚው ላይ ጠቅልሎ ማሳየትም ይቻላል። በዚህ ጊዜ የጨርቁ ውፍረት ችግር ይበልጥ ይጎላል፦ ሙሉው ሸራ ቢጠቀለል ከአግዳሚው የወፈረ ጥቅል ይሆናል። ስለዚህ ጨርቁ ከእውነተኛው ቁመት ግማሽ ወይም ሲሶ ብቻ ተቆርጦ ይጠቀለላል። የታችኛ ማዕዘኖቹና ገመዶቻቸው ግን በቦታቸው መታየት አለባቸው።

ብዙ ሠሪዎች ደግሞ የመርከቡ ወለልና ገመዶች እንዳይሸፈኑ ሸራ ጨርሶ አይሰቅሉም። ይህም ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ ሆኖም የአግዳሚዎቹን አቀማመጥ ይለውጣል። በላይኛው ምሰሶ ላይ ያለው አግዳሚ ወደ ላይ የሚወጣው ሸራውን ለመወጠር ነው። ሸራ በማይኖርበት ወይም በተጠቀለለበት ጊዜ ወደ ታች ይወርዳል። ሸራ ሳይኖረው አግዳሚዎቹን ሁሉ ከፍ አድርጎ የሚያሳይ ሞዴል መርከቡ በወደብም በጉዞም ያልነበረበትን ሁኔታ ያሳያል።

እንክብካቤ

ሸራ ከሞዴሉ ክፍሎች ሁሉ ቀድሞ የሚያረጅ ነው። የፀሐይ ብርሃን የጥጥና የተልባ እግር ጭረቶችን ያዳክማል፤ አቧራ በስፌቶቹ ውስጥ ይቀመጣል፤ የአየሩ እርጥበት ሲለዋወጥም ገመዶች እየተወጠሩና እየላሉ ሸራውን ይጎትታሉ። ስለዚህ ሞዴሉ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ፣ ቀጥተኛ ብርሃን ከማያገኘው ቦታ ይቀመጣል።

አንዳንድ የዕድሜ ማሳጠሪያዎች ከአሠራሩ ይመጣሉ። ሸራን ያረጀ ለማስመሰል በሻይ ወይም በቡና መንከር የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ በውስጣቸው ያለው ታኒንና አሲድ ጨርቁን በጊዜ ብዛት ያደክመዋል። በውኃ የቀጠነ አክሪሊክ ቀለም ተመሳሳይ መልክ ይሰጣል፣ ጉዳቱም ያነሰ ነው። ወረቀትና ኮላም አሲድ የሌለባቸው ቢሆኑ ይመረጣል። እንዲሁም የተጠቀሙበትን ንድፍ፣ መስፈርትና የገመድ ዝርዝር ጽፎ ከሞዴሉ ጋር ማስቀመጥ ይጠቅማል። ሸራው አርጅቶ መለወጥ ሲያስፈልገው፣ በኋላ የሚመጣ ሠሪ ያንኑ ሸራ ደግሞ ሊሠራው የሚችለው ይህ መዝገብ ሲኖር ነው።